ጠዋት ጠዋት የሚይዘው ፔዳል

የመኪናችንን የነዳጅ ፔዳል በእጄ ተጭኜ ለቀቅኩት። ወርዶ ቀረ። ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ ስስበው፣ ሳይፈልግ እንደሚታዘዝ ልጅ እየተጎተተ ተነሳ።

ትናንት ማታ እኮ ደህና ነበር። ፔዳሉን የሚመልሰውን ሞላ ቀይሬያለሁ፣ ምንጣፉን አውጥቼ ጥያለሁ፣ የካርቡሬተሩን አፍ በቤንዚን አጥቤያለሁ። ማታ ሞተሩ እስኪግል ሞክሬው «ተሠራ» ብዬ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ያው ነው።

ትናንት ጠዋት እማዬን ለኩላሊት እጥበቷ ይዣት ስወጣ ፔዳሉ ወርዶ ቀረ። ፍሬኑ ላይ ቆሜ ቁልፉን ባላጠፋው ኖሮ የጎረቤትን አጥር ይዘን እንገባ ነበር። እማዬ ወርዳ ቤት ገባች፤ እጥበቱም አለፋት። ታክሲ የእኛን ዳገት አይወጣም፣ እሷም እስከ አስፋልቱ መሄድ አትችልም። ዛሬ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ብሏታል።

«አለቀ?» አለች በመስኮት።

«እየሠራሁ ነው!»

«ትናንትም እየሠራሽ ነበር። እዚያ ውስጥ ከምገባ በቃሬዛ ይውሰዱኝ።»

አባዬ የልብስ ስፌት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ።»

«ተረቱ ይቆይና ባትሪውን አብራልኝ።»

ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከፔዳሉ የሚመጣውን የካቦ ሽቦ ጫፍ ከካርቡሬተሩ ፈታሁት። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ክንድ ብቻዋን ቀጭ ቀጭ እያለች ትመለሳለች። ችግሩ ካቦው ነው ማለት ነው። ሽቦውን በፒንሳ ይዤ ከሽፋኑ ውስጥ ስስበው ቢጫ ቅርፊት ለብሶ ወጣ። በጥፍሬ ፋቅሁት።

«ይሄ ግራሶ አይደለም። ምንድን ነው?»

አባዬ ባትሪውን ወደ መሬት አዞረ። «ሰም ነው።»

«የምን ሰም?»

«ፔዳሉ ሲረገጥ እየጮኸ ሲያስቸግረኝ ጊዜ ቀባሁት። ክር ሲያስቸግርሽ በሰም ታሺዋለሽ፣ ከዚያ ሰተት ብሎ ይገባል።»

«አባዬ! ይሄ ክር ነው?»

«ይገባል፣ ይወጣል። ታዲያ ክር ካልሆነ ምንድን ነው?»

አሁን ገባኝ። ሰሙ በሞተሩ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሌሊት ሲበርደው ሽቦውን ይጨብጣል። እኔም ብልጧ ሁልጊዜ የምፈትነው ሞተሩ ግሎ ነው።

ሽቦውን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግሁት። በሽፋኑም ውስጥ ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፤ መጀመሪያ ጭቃ የመሰለ ወጣ፣ ኋላ እየጠራ መጣ።

«የስፌት መኪና ዘይት ላምጣልሽ?»

«ምንም አታምጣ!»

መልሼ ገጠምኩት። ፔዳሉን ስጫነው ወረደ፤ ስለቀው ዘሎ ተመለሰ። እማዬ ካፖርቷን ደርባ፣ በነጠላ ጫማ፣ ግድግዳውን እየያዘች ወጣች።

«ተነሺ እስቲ።»

የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባበጠው እግሯ ረገጠችው። ተመለሰ። ደግማ ረገጠችው።

«ሞተሩ አልሞቀም?»

«እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነው፣ እማዬ። ገና አላስነሳሁትም።»

ለሦስተኛ ጊዜ ረገጠችውና ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። «እኔ ከኋላ ነኝ። አባትሽ ከፊት ይቀመጥ፤ የምንጋጭ ከሆነ እሱ ይቅደም።»

አባዬ ከፊት ገባ። ኮፈኑን ዘጋሁ። ፒንሳውን ጠርጌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩና ሳጥኑን መኪናው ላይ ሳልጭን ግድግዳው ሥር ትቼው ወደ መሪው ሄድኩ።