ከራስጌና ከግርጌ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፦ እናትየዋ ሽንቷ መጥቷል።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ፖፖ ላይ የሚያስቀምጣት ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ በብብቷ፣ ሌላው በእግሯ። ደንቡን ያወጡት ልጆቿ ናቸው፤ አንዱ ሳይነሣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ዛሬ ታላቅየው ጫማ ነጋዴ ከራስጌዋ፣ ታናሽየው ጠበቃ ከግርጌዋ ተቀምጠው፣ ፈጣሪ ሥጋ ለብሶ ማደር ይችላል አይችልም የሚል ክርክር ተያይዘዋል።

«ሰማይ የጠበበው ጌታ አንዲት ሆድ ትበቃዋለች?» አለ ጠበቃው። «ወንድም ጋሼ፣ አርባ አራት ቁጥር እግር ሠላሳ ስድስት ጫማ ውስጥ ይገባል?»

«ባለእግሩ ከጨከነ ይገባል። ስንቱን ሸጫለሁ!»

«ልጆቼ፣ ፖፖዋን…» አለች እናትየዋ።

«እሺ እማዬ፣ አንዴ። ዋናው ነጥብ ላይ ደርሰናል።»

ጥርሷን ነከሰች። ልጆቿ ፊት አልጋ ላይ ከምትሸና ሞቷን ትመርጣለች። ሁለቱንም በየተራ ሆዷ ውስጥ ስትሸከማቸው ይበቃቸዋል አይበቃቸውም ብሎ የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ ወጥተውም ደረቷ ላይ ሽንታቸውን እንዳሻቸው ለቀውባታል።

«ሥጋ ከለበሰማ» አለ ጠበቃው፣ «መጸዳጃ ቤትም ይሄድ ነበር በለኛ።»

«አንተ አፈ ብልሹ! ፍቅሩ እኮ እዚህ ላይ ነው!» የነጋዴው ዓይን እንባ አቀረረ። «ቆሻሻችንን ሳይጸየፍ፣ ሽታችንን ሳይሸሽ፣ እዚሁ በስባሽ ገላ ውስጥ…»

እናትየዋ የኮቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«አየህ? እማዬን እንኳ ልቧን ነካት!» ብሎ እጇን ዳበሳት።

«ልጄ… አመለጠኝ» አለች።

ሙቀቱ መጀመሪያ ከወገቧ ሥር፣ ቀጥሎ ወደ ጀርባዋ ሄደ። ከፍራሹ ጠርዝ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ነጋዴው እጁን ከእጇ ላይ አነሣ። ጠበቃው ያልጠራ ስልክ አውጥቶ አየ።

«ጓንት ልፈልግ እስቲ» አለ ነጋዴው።

«ላግዝህ፣ ወንድም ጋሼ።»

ጓንት ፍለጋ ሁለት ሰው ወጣ። በሩን የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ይመስል ቀስ ብለው ዘጉት። እናትየዋ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ቧንቧ ተከፈተ፤ አንዳቸው እጁን ብዙ ታጠበ።

ከዚያ ደጅ የመኪና ሞተር ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው።