«ኢ» የሌለበት ጸሎት

ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚሸጠው አምኃ የሸማኔዎቹን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሲቀላቀል፣ ሽማግሌዎቹ ቃል ካስገቡት ነገር አንዱ በግዕዝ እንዳይጸልይ ነበር። በልጅነቱ ዲያቆን ነበርና ሌላ የጸሎት ቋንቋ አያውቅም ነበር። «ያ አሮጌ ልብስ ነው፣ አውልቀው» አሉት። አወለቀ። ሃያ ስምንት ዓመት በአማርኛ ጸለየ፤ ጸሎቱ ግን ከጎረቤት እንደተዋሰው ዕቃ ሆኖበት ኖረ።

ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠ። ከሥነ መለኮት ኮሌጅ የተመለሰው ወጣቱ ፓስተር ቢኒያም፣ አምልኳችን ሥር የለውም፣ ወደ ጥንቱ እምነትና ሥርዓት እንመለስ ብሎ ሰበከ። ከኪቦርዱ ጎን ከበሮ ገባ። ከዚያም ቢኒያም አምኃ ሱቅ ድረስ መጣ።

«ጋሽ አምኃ፣ ከእርስዎ በቀር ግዕዝ የሚያውቅ የለንም። መዘምራኑ የሚያዜሟት አንዲት አጭር ጸሎት ይጻፉልን።»

«ተከልክዬ አልነበር?»

«ያኔ አልገባቸውም ነበር፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚመራው?»

ቢኒያም የተዘረጋ ነጠላ ጥለት መዳበስ ጀመረ። «እርስዎ ቢመሩ ደስ ባለኝ። ግን... ማለቴ፣ ሽማግሌዎቹ ‹ኦርቶዶክስ የነበረ ሰው ከመራው ወደ ኋላ የተመለስን ይመስላል› አሉ። ሳምሪ ትመራዋለች። እሷ እዚሁ ነው ያደገችው።»

አምኃ ዋጥ አደረገው። ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ሆኖ በግዕዝ መጸለይ ከቻለ፣ የፈለገው ይምራው። ሳምንት ሙሉ ሲጽፍ ሲሰርዝ ሰንብቶ አንዲት መስመር አወጣ፤ «ኢትግድፈነ እግዚኦ»፣ አቤቱ አትጣለን።

ከወር በኋላ፣ እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሳይሞላ፣ ስክሪኑ ላይ «ትግድፈነ እግዚኦ» የሚል አነበበ። ሳምሪን ፈልጎ አገኛት።

«ሳምሪዬ፣ ‹ኢ› ወድቃለች።»

«አልወደቀችም ጋሼ፣ እኛ ነን ያወጣናት። ከከበሮው ቢት ጋር አልሄድ አለችን። አንድ ፊደል እኮ ናት።»

«‹አት› የምትለው እኮ እሷ ናት። ያለ እሷ ‹ጣለን› ነው የምትሉት።»

ሳምሪ ሳቀች። «በቃ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቅብናል?»

ወደ ቢኒያም ሄደ። ቢኒያም ማይኩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። «እውነትዎን ነው። ግን እንዲህ አድርገው ተለማምደውታል፣ አሁን ብንነካው ይበላሻል። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ ጋሽ አምኃ።»

ከበሮው ተመታ፤ ሕዝቡ እጁን አነሣ። አምኃ «ኢትግድፈነ» ብሎ ገባ። ሌሎቹ ሲጨርሱ እሱ አንድ ምት ተርፎት ድምፁ ብቻውን ቀረ። ከፊት የቆሙት ዞር ዞር አሉ። አስተናጋጁ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገውና «ጋሼ፣ ምቱን እያበላሹብን ነው» አለው በሹክሹክታ።

አጠገቡ የቆመው እኩያው ሸማኔ ሾዴ ፊቱ በእንባ ርሷል። ጎንበስ ብሎ «ምን ማለት ነው አምኃ? አንጀቴን በላው» አለ።

«ጣለን ማለት ነው።»

«አንተና ቀልድህ» አለ ሾዴ፤ ዐይኑን ጨፍኖ ቀጠለ።

አምኃ አዳራሹን ዞሮ ቃኘ። አራት መቶ ሰው በግዕዝ እየጸለየ ነው። እንዲህ ያለ እሑድ ዳግመኛ ስለማግኘቱ ምን ዋስትና አለው? አራተኛው ዙር ላይ ከበሮውን ጠበቀና፣ ያለ «ኢ»፣ በሙሉ ድምፁ ከሰው ጋር ጣለን አለ።