ሞላው ደህና ነበር

አባዬን በስሙ የምትጠራው እማዬ ብቻ ናት፤ ሌላው ከተማ ጋሽ ሐሙስ ነው የሚለው። ዋናው መንገድ ላይ፣ በቀለም መሸጫውና በጥርስ ሐኪሙ መሀል የተሸጎጠችው ጠባብ የጦር መሣሪያ ሱቅ የእሱ ናት። ጠመንጃ ሊገዛ የመጣ ሰው መርጦ፣ ፈቃዱን አሳይቶ፣ ሁሉን ጨርሶ «በል ልሂድበት» ሲል አባዬ መሣሪያውን ይቀበለውና ቃታውን አንዴ ሳብ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ ፊቱን ኮምጨጭ ያደርጋል።

«የቃታው ሞላ ደከም ብሏል። እንዲህ ሆኖ ከእጄ አይወጣም። ሐሙስ ና» ይላል።

ሐሙስ የመጣውን ደግሞ አንዳንዴ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይቀጥረዋል። ስሙ ከዚያ መጣ።

እኔ ትምህርት ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ቤት ውስጥ ተጎልታ ስልኳ ላይ ከምታፈጥ ብላ እማዬ ሱቁ ሰደደችኝ። ሥራዬ መስታወት መወልወልና ደንበኛ ሲጠብቅ ማጫወት ነው፤ ማጫወቱ ላይ ማንም አይደርስብኝም። አባዬ «ምላስሽ እንደሆነ ዘይት አይፈልግም» ይለኛል።

እና አንድ ሐሙስ ጠዋት አባዬ ከጓዳው የብረት ቁም ሣጥን አንድ የአደን ጠመንጃ አወጣና በጨርቅ አበስ አበስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አጋደመው። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ስለነበርኩ መፍቻ እንዳልነካው አውቃለሁ። ሞላውን መቼ እንደሠራው ጠየቅኩት።

«ሞላው ደህና ነበር» አለ፣ ጨርቁን እያጠፈ።

ቀስ እያልኩ አወጣጣሁት። ለካ የማንም ሞላ ደክሞ አያውቅም። በንዴት የመጣ ሰው ይታወቃል ይላል፤ ዕቃውን ሳይሆን በሩን ነው የሚያየው፣ ጥይቱን ከጠመንጃው በፊት ይጠይቃል። ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ያን ቀን ደህና ነው ማለት አይደለም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰውና በደንብ ለማያውቀው ሁሉ ሞላው ይደክማል። ሐሙስ ሲደርስ ግማሹ በርዶለት ይመጣል፣ ግማሹ ጨርሶ ይቀራል። የሚያውቃቸውን ግን አያመላልስም። ለምሳሌ የእህል መጋዘኑን ዘበኛ፣ አባባን፣ አሮጌ ጠመንጃቸውን ተቀብሎ አዲሱን በዚያው ቀን ሲሰጣቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሄ ሁሉ በሰላም ይቀጥል ነበር፣ መናኸሪያው አጠገብ ያ አዲስ ሱቅ ባይከፈት። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ሽቶው ከሩቅ ይጠራል። የመስታወት በር አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ ሞላ የሚባል ጣጣ የለውም። ፈቃድ ያሳየ ሁሉ ዳቦ እንደገዛ ሰው ብብቱ ስር አድርጎ ይወጣል።

የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል ናት። ቤትም ምክር ቤትም ማዘዝ ትወዳለች። አዲሱን ሱቅ አይታ አንድ ረቂቅ ደንብ አቀረበች፤ ማንኛውም ነጋዴ የሸጠውን መሣሪያ ለገዢው የሚያስረክበው ከአንድ ሳምንት በኋላ ይሁን የሚል። ምክር ቤቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለጥበቃ ሠራተኞች ይቅርላቸው የምትል አንቀጽ ያስገቡም ነበሩ። መሀል ላይ የሚወላውሉት ደግሞ ሻጮቹ ይጠየቁ አሉ።

ስለዚህ አክስቴ እኛ ቤት መጣች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀለች፤ እንደዚያ ስታደርግ የሆነ ነገር ልትጠይቅ ነው። አባዬ ስብሰባው ላይ ቆሞ ደንቡን እንዲደግፍላት ፈለገች። አይሆንም አላት። ለመነችው። አይሆንም አላት።

«አንተ እኮ ሳምንት ማቆየት የሚከብድህ ሰው አይደለህም» አለችው። «በቀርፋፋነትህ ስትሠራው የኖርከው ነገር ነው።»

ቀርፋፋ መባሉ ነካው መሰለኝ ሁሉንም ዘረገፈላት። ቃታውን፣ ጆሮውን፣ ሐሙሱን፣ ሁሉን። አክስቴ እግሯን ከወንበሩ ላይ አወረደች። እማዬ ታውቅ ኖሯል፤ ሽንኩርቷን መክተፍ አላቆመችም።

«ታዲያ ይህንኑ ተነስተህ ተናገራ» አለች አክስቴ።

«እትዬ፣ ያንቺ ደንብ ሰውየውን አላምንህም ይለዋል። የኔ ሞላ ምንም አይለውም። በኔ ተናዶ ይሄዳል፣ እኔን እየረገመ ይተኛል፣ ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል።»

ደግሞም፣ አላት፣ አንዴ ከተናገርኩ በዚህ ከተማ ሐሙስ ና ያልኩት ሰው ሁሉ ያን ቀን ምን እንዳሰብኩበት ያውቃል። ከእነሱ ጋር እኮ ነው የምኖረው። አክስቴ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ጠብቃ ነበር፤ አባዬ ግን አልጠራትም።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ከአየር ይልቅ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ማይክሮፎኑም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ያፏጫል። እኛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነን፤ አባባ ዘበኛው በሩ አጠገብ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። እማዬ አፌን እንዳልከፍት አስምላኛለች።

ወጣቱ ነጋዴ መጀመሪያ ተናገረ። አነጋገሩ ያምራል፣ ይኼን መካድ አልችልም። ሕግ አክብሬ እሠራለሁ፣ ፈቃድ የሚሰጠው እኔ አይደለሁም፣ ሰውን ሳምንት ካቆያችሁት ጎረቤት ከተማ ሄዶ ይገዛል አለ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረና ፈገግ አለ።

«ጋሼን በጣም ነው የማከብራቸው። ግን ይኸው ባለፈው ሰሞን አንዱን ሐሙስ ና ብለውት እኔ ጋ መጣ። ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሸኘሁት።»

ሰው ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

«ማን ነው ሰውየው?» አለው ከተቀመጠበት።

«አላውቀውም ጋሼ። ደንበኛ ነዋ።»

አባዬ ፊት ላይ የሆነውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አጠገቡ ነበርኩ። ክፉ ነገር ሰምቶ አይደለም፤ ያ ሰውዬ በጠመንጃው ምንም ላያደርግ ይችላል። ግን ያ ሁሉ ሞላ፣ ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ከሱቃችን እስከ መናኸሪያው ያለችውን መንገድ ያህል እንኳ ሰውን እንደማያቆይ ያኔ ገባው። ማይክሮፎኑን ለመነና ተነሳ።

ንግግር አይችልም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወለሉን አየ፣ እንደገና ጠረገ። ከዚያ በአጭሩ፣ ሞላው ደክሟል እያልኩ ስመልሳችሁ የነበረው ውሸቴን ነው አለ። ሞላው ደህና ነበር። የምፈልገው ጥቂት ቀን እንዲያልፍ ነበር። አሁን ግን ብቻዬን ባቆይ ዋጋ የለውም፤ ሁላችንም እናቆይ ወይም ማንም አያቆይ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አንዱ «እኔማ አገሩ ሁሉ ሞላ የለውም ብዬ ነበር» አለ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ሰዎች ወደኋላ ማሰብ ጀመሩ። መቼ ነበር የሄድኩት፣ ምን ሆኜ ነበር፣ ምን አይቶብኝ ነው።

ያኔ ከመስኮቱ በኩል ጋሽ ፍሬን ተነሳ። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ ላይ ከሚጮኸው ቃል ነው ስሙ የወጣለት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ሱቃችን መጣ፤ እኔ ቁርስ ላደርስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ። ሐሙስ ተባለ፣ ሐሙስ መጣ፣ ደግሞ ሐሙስ ተባለ፣ ከዚያ ቀረ። ሚስቱም በኋላ ተመለሰች። አሁን አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ለምን እንደተነሳ ገብቷት ኮቱን ጫፉን ይዛዋለች። ጠመንጃ ሊገዛ ሄዶ እንደነበር ዛሬ ነው የሰማችው፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

«የኔስ?» አለ። «እኔን ለብቻዬ ነው ወይስ ሰውን ሁሉ ነው?»

ማራገቢያው ብቻ ይንቋቋል። አባዬ እውነቱን ቢናገር ሰውየው ሚስቱና ከተማው ፊት ራቁቱን ይቀራል። እኔ ስንት ጊዜ አላስፈላጊ ነገር ቀባጥሬ አውቃለሁ፣ ያን ቀን ግን አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ሰውን ሁሉ ነው» አለ አባዬ። «አንድም ሰው መርጬ አላውቅም። የመጣውን ሁሉ ነው የማመላልሰው።»

አፈ ጉባኤው ጠንቃቃ ሰው ናቸው። በዚያው ቀን ይዞ የሄደ ካለ ይናገር አሉ። እኔ ሳላስበው ወደ አባባ ዘበኛው ዞርኩ። እማዬ በክርኗ ነካችኝ፣ ግን እሷም ዞራ ነበር። አባባ ኮፍያቸውን አገላበጡ። ጋሽ ፍሬንን አዩት፣ ሚስቱን አዩአት፣ ከዚያ ኮፍያውን ደፉ።

«እኔንም ቢሆን አመላልሶኛል» አሉ። «እግሬ እስኪያብጥ።»

ጋሽ ፍሬን ተቀመጠ። ሚስቱ ኮቱን አልለቀቀችም።

ደንቡ አለፈ። ግን አፈ ጉባኤው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ጋሼ ሁሉንም ሲያቆዩ ከኖሩና ችግር ካልመጣ የጥበቃ ሠራተኞችን ለይቶ ማስቀረቱ ለምን አስፈለገ አሉ። መልስ የነበረው አባዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መልሱን አሁን አፉ ውስጥ ቆልፎበታል። ያች አንቀጽ ተሰረዘች። ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ በሁለት ሽማግሌ ውሸት ደንብ ወጣ አለች። አባዬ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም አለ።

ብዙ ሳይቆይ የአባባ ዘበኛው ጠመንጃ አፈሙዙ ተሰነጠቀ። መጡ። አባዬ ሳምንት መቆየት አለብዎት ሲላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔን?»

«ደንብ ነው አባባ።»

ሳምንቱን መጋዘኑን በዱላ ጠበቁ። አባዬ ከሱቅ መልስ እየሄደ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር፣ ይኼም አላስታገሳቸውም። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ፤ ድሮ እኮ በዚያው ቀን ነበር የሚሰጠኝ፣ አንድም ቀን አመላልሶኝ አያውቅም ይላሉ። አዳራሽ ውስጥ ያሉትን ረስተውት ነው ወይስ ዱላው አናዷቸው፣ እንጃ። ወሬው የት የት እንደሚደርስ እኔ አላጣሁትም። የወሬን መንገድ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ጋሽ ፍሬን ሳምንቱ ባለቀ ማግስት ሱቅ መጣ። አባዬ አልነበረም። የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ መንዳት አትማሪም ወይ አለኝ፤ በነጻ፣ አሁኑኑ። ሱቁን ቆልፌ ለጥርስ ሐኪሙ ረዳት አደራ ብዬ ወጣሁ።

ስታዲየሙ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አስቀመጠኝ። ፔዳሎቹን አሳየኝ፣ መስታወቱን አስተካከለልኝ።

«ዘበኛው የሚሉትን ሰማሁ» አለ። «አባትሽን አልጠይቀውም። አንቺ እዚያ ነው የምትውይው።»

መሪውን ይዣለሁ። ልዋሽ እችል ነበር፤ አባባ ጃጅተዋል ብል ያምነኝ ነበር። ግን አባቴ የዋሸው ሰው በተሰበሰበበት ነው። እዚህ መኪና ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ደግሞ የመጣው እንድዋሸው አይደለም።

«ለአንተ ብቻ አልነበረም ጋሼ» አልኩት። «ለብዙ ሰው ነው። ግን ለሁሉም አልነበረም።»

ራሱን ነቀነቀ። የሸሚዙን ቁልፎች በጣቱ ከላይ ወደ ታች ዳሰሳቸው፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

«ያኔ ነግሮኝ ቢሆን ሌላ ቦታ ሄጄ እገዛ ነበር» አለ። «አላምንህም ቢለኝ በዚያው ቀን ነበር የምገዛው። እኔ ግን ሞላው ነው ብዬ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።»

መስታወቱን ያለ ምክንያት ነካካሁት።

«እንዳወቅኩ ለአባትሽ አትንገሪው። የሸፈነኝ መስሎት ደስ ብሎታል፣ ደስ ይበለው» አለ። «በይ፣ ፍሪሲዮኑን እርገጭ። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ቀስ።»

ረገጥኩ፣ አስገባሁ፣ ለቀቅኩ። መኪናው ሁለቴ ተንገጫገጨና ጠፋ።

«እንደገና» አለኝ።