ተርቡ ከተቃጠለ ወዲህ

ተርቦቹን ያቃጠለቻቸው ሻሺቱ በገዛ እጇ ነው። ከጓሮዋ የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ስትለቅም ቅንድቧን ነደፏት፤ ጎረቤቷ ዳልጮም በአበጠው ዓይኗ ሳቀባት። እልህ ያዛትና ዘንግ ጫፍ ላይ ጭራሮ አስራ ለኩሳ ጎጇቸውን አጋየችው። ያን ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ ዋለች።

ቅጠል በሊታው ትል የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ቦይ በማይደርሰው የኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳዋ በቆሎው በቁሙ ደርቋል። የቀራት ጥቂት የአምና በቆሎና ጓሮዋ ያለው አንድ ሽፈራው ነው። ባሏ ገብረ ማርያም አልጋ ከያዘ ጀምሮ የበቆሎ ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀልበት ኩርኩፋ ቅጠል ካልበዛበት አይወርድለትም፤ የበቆሎው ድቡልቡል ብቻውን ያንቀዋል።

ትሉ ቅጠሉን በድር ሸፍኖ ከውስጥ ይግጠዋል። ዛፉን ስትነቀንቀው ሁሉም ክሩን እየለቀቀ ቁልቁል ይወርድና ተንጠልጥሎ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ የሞተ መስሏት ነበር። ዘወር ስትል በክሩ ተመልሶ ወጣ። አመድ በተነችበት፤ ወረደ፤ ወጣ። ጭስ አጨሰችበት፤ ያው ነው።

«ወፍ ሲመጣበትም እንዲሁ ያደርጋል» አለ ዳልጮ አጥሩን ተደግፎ። «ተርብን ነው የማያመልጠው። ተርቡ ክሩን ተከትሎ ወርዶ ይለቅመዋል።»

«ይሄን ዛሬ ነው የምትነግረኝ? አፍህ ለሳቅ ብቻ ነው የተሠራው?»

«መች ጠየቅሽኝ? አንቺን ደፍሮ ማን ይመክራል?» ዛፉን ቀና ብሎ አየ። «ከአንገቱ ቁረጪው። ዝናብ ካገኘ ያቆጠቁጣል።»

«ካላገኘስ?»

ሻሺቱ መጥረቢያዋን ይዛ መጣች። ዳልጮ ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም፤ ዛፉን ራሷ መታችው።

ገና በመጀመሪያው ምት ትሉ ፀጉሯ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ዘነበ። መሬት የነካው አፈር ውስጥ ገባ። ቅርንጫፉን ስታቃጥለው የነደደው ባዶ ድር ነው።

«ምን ነበር የምትቆርጪው?» አለ ገብረ ማርያም ከውስጥ።

«ማገዶ።»

«የሽፈራው እንጨት ደግሞ ምን ማገዶ ይወጣዋል?»

ፀጉሯ ላይ የቀረውን ትል እያራገፈች እሳቱን ቆሰቆሰች።

ዝናቡ ሳይመጣ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ጉቶው ላይ ለጋ ቡቃያ አየች፤ ለአንድ ጉርሻ ይበቃል። እጇን ስትሰድ ከውስጡ አንድ ትል በክሩ ወረደና ጣቷ ሥር ተንጠለጠለ። ጨፈለቀችው። ቡቃያው ግን ተበልቶ አልቆ የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቅጠል የሌለበትን ኩርኩፋ በውሃ አቅጥና ለባሏ አቀረበችለት። ገብረ ማርያም አፉን ገጠመ።

«ክፈት እንጂ፣ አንተ ግትር» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።