የካርዱ አርባ ገጽ

ኖምቩሶ ጠበቃዋን ማጎናን ከመጀመሪያውም አላመነችውም። ጭራሽ የባሰባት ግን ይግባኝ ለማለት የፈረደባትን ያንኑ ዳኛ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባት የነገራት ቀን ነው።

«የበደለኝን ሰውዬ ሄጄ ‹ልክሰስህ ወይ?› ልበለው?»

«ሕጉ ነው፣ ማማ» አለ እየሳቀ። ሳቁ አልጣማትም።

የምትወስደው ኪኒን ምስጢር ከክሊኒክ ካርዷ ወጥቶ የሰፈሯ የምዳንትሳኔ ዕድርተኞች አፍ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። የምስጢር ጥበቃ ቢሮው «ማስረጃ የለም» ብሎ አቤቱታዋን ዘጋው፤ የቢሮው ውሳኔ እንዲመረመር የጠየቀችው ዳኛም አሰናበታት። እሷ ግን ምስጢሩን ማን እንዳወጣው ታውቃለች፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ኖዚዝዌ ናት። በክሱም ላይ ስሟን አስጽፋለች። ገመናዋን ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው የምትፈልገው፣ ሌላ ምንም።

ክሱን ሲያስገቡ ማጎና ከካርዱ ሁለት ገጽ ብቻ ሊያያይዝ ነበር። «የፍርድ ቤት መዝገብ ማንም ጠይቆ ያነባል፣ ማማ» ብሏት ነበር።

«ሌላውን ለምን ትደብቃለህ? ማን አዘዘህ?» ብላ አርባውንም ገጽ አስገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም የሞነጫጨረውን ሁሉ፣ ራሷ እንኳ አንብባው የማታውቀውን።

የይግባኝ ፈቃዱ ቀጠሮ ቀን ማጎና ከምስጢር ጥበቃ ቢሮው ጠበቃ ጋር ሲሳሳቅ አየችና «ተሸጥኩ» አለች በሆዷ። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ዞላኒ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀምጧል። ኖዚዝዌ ኋላ ወንበር ላይ ናት። ምን ልትሰማ መጣች?

ያው ዳኛ መነጽሩን አወለቀ። «ሌላ ዳኛ ከእኔ የተለየ ሊያይ ይችላል። ፈቅጃለሁ።»

ኖምቩሶ አለቀሰች። ማጎናን አቀፈችው፤ በመጠርጠሯም አፈረች።

ኮሪደሩ ላይ ኖዚዝዌ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ስለ ኪኒንሽ ትንፍሽ አላልኩም፤ ይኸው በእግዜር ስም። ክስሽ ላይ ስሜን እንዳስጻፍሽ ሲነግሩኝ ግን መዝገቡን ጠይቄ አነበብኩት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግን አልበቃም። «አሳዘንሽኝ። በአሥራ ሰባት ዓመትሽ የወለድሽው ልጅ የት ደረሰ?»

ዞላኒ ባርኔጣውን ሊያጠልቅ አንስቶ ነበር። መልሶ አወረደው።

«የትኛው ልጅ?» አለ።