ከጠፈጠፍ ሥር

ሴቱንያ በአሥራ አራተኛው ማሰሮ ላይ ሁለት ቀን ተደፍታ ዋለች። ማሰሮው የተገኘው በሞትሉትሴ ወንዝ ዳር፣ አዲሱ መንገድ በሚያልፍበት የጥንት መንደር ቁፋሮ ውስጥ ነው። በውስጡ የሕፃን አጥንት አለ፤ የራስ ቅሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ። ሥራዋ መለካት፣ መሳልና ቅጽ መሙላት ነው። ሌሎቹን የሕፃናት መቃብሮች በግማሽ በግማሽ ቀን ጨርሳቸዋለች። ስለዚህኛው ግን የቁፋሮው መሪ ዶክተር ሞሌፊ አጥንቱን ለክቶ፣ «ቀኑ ሞልቶ የተወለደ፤ ሳምንት ያልሞላው» ብሏት ነበር።

የእሷም ልጅ ሳምንት አልሞላትም ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ከተማ ሆስፒታል ተወልዳ በሁለተኛው ቀን አረፈች። ሴቱንያ ትኩሳት ጥሏት ራሷን አታውቅም። ስትነቃ «ተቀብራለች» አሏት። የት እንደሆነ ብትጠይቅ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ መዝገቡ ላይ ያለውም ቁጥር ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ።

«ትርጓሜው ላይ ጻፊ። ባረጀ፣ በሚያፈስ ማሰሮ ከቤት ውጭ የተጣለ።»

«የተጣለ?»

«ዶቃ የለው፣ አምባር የለው። ማሰሮውም ቂጡ የተሸነቆረ ነው። ነገ መኪናው ሲመጣ ከተማ መጋዘን ይገባል።»

«ወግ ባለው ቦታ የተቀበረ ቢሆንስ?»

«ያኔማ የመንደሩ ሰዎች የኛ ነው ብለው መልሰው ሊቀብሩት ይችላሉ። ግን እስከ ማታ ማስረጃ አምጪ። አዝኛለሁ ማለት ማስረጃ አይደለም፣ እሺ?»

ሴቱንያ ቅጹን አወጣች። እርሳሱን ቅጹ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ግን አልጻፈም።

አፈር የሚነፉት ማ ጋኦላቴ ወንፊታቸውን አስቀምጠው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከመንደሩ ከተቀጠሩት ሁሉ ምላሳቸው ስለታም ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከሕፃኑ ራስ ሥር የነበረችውን ክብ ስባሪ የት ጣልሻት?»

ሴቱንያ ደነገጠች። ትናንት ስባሪዋን ከተራው ገል ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከታዋለች። ከረጢቱን ዘርግፋ ፈልጋ አገኘቻት። ማ ጋኦላቴ ተንበርክከው ከማሰሮው ቂጥ ቀዳዳ ጋር ገጠሟት፤ ልክክ አለች።

«አየህ ዶክተር? ዕድሜ ልኩን ሲያፈስ የኖረ ማሰሮ ስባሪውን አዝሎ ይዞራል? እናትህ ጓዳ አላስገባችህም መሰለኝ።»

ዶክተሩ ሳቀ። «እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው?»

«እናቱ ናት የሸነቆረችው፣ በቀበረችው ቀን። ማሰሮው ከተደፈነ ማህፀኗም ይደፈናል፤ ሌላ ልጅ አይመጣላትም። የልጁ ቦታ ደግሞ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ደረቅ መሬት ላይ ያስቀመጡት ሕፃን ዝናብ ያስቀራል። ስለዚህ ከጠፈጠፍ ሥር ነው የሚቀበረው።»

«ይኼ ተረት ነው፣ እማማ።»

«ተረቱን እኔ ነገርኩህ። ሜትሩ ያለው እሷ እጅ ነው።»

ሴቱንያ ስባሪዋን ወደ ፀሐይ አዞረች። የማሰሮው ውጭ በጥላሸት ጠቁሯል፤ የስብራቱ ጠርዝ ግን ንጹሕ ነው። ከተሰበረ በኋላ እሳት ላይ አልተጣደም። ከዚያ ሜትሯን ከጥንቱ ግድግዳ ምሰሶ ጉድጓድ እስከ ማሰሮው ዘረጋች፤ ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር። የቀድሞ ቅጾቿን አወጣች። ስድስተኛው ማሰሮ ከራሱ ቤት ግድግዳ ሰባ፣ ዘጠነኛው ሰባ አምስት፣ አሥራ አንደኛው ስልሳ ዘጠኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ ራሷ ናት የጻፈቻቸው። ጎን ለጎን አስቀምጣ ግን አይታቸው አታውቅም።

ዶክተር ሞሌፊ ቅጾቹን ሁለት ጊዜ አገላበጠ።

«የጣሪያው ጠርዝ እዚህ ድረስ ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ። «ውኃው የሚወርደው እዚሁ ነው።» እርሳሷን ተቀብሎ «የተጣለ» የሚለውን ሊሰርዝ ጎንበስ አለ። ቦታው ባዶ ነበር። «አልጻፍሽውም እንዴ?»

«አልቻልኩም።»

«ጎበዝ እምቢተኛ ነሽ። ያየሽውን ጻፊ እንግዲህ።»

ዓርብ መኪናው ያለ አሥራ አራተኛው ሄደ። የመንደሩ ሴቶች መንገዱ ከማይደርስበት ከአንድ ቤት ጀርባ፣ ከጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። ሴቱንያ ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ አወረደች፤ ክብ ስባሪዋንም እንደነበረችው ከሕፃኑ ራስ ሥር መለሰቻት። አፈር ሲለብስ ማ ጋኦላቴ ከጀሪካን ውኃ አፈሰሱበት፤ ከዚያ ጀሪካኑን ለሴቱንያ ሰጧት።

«አፍስሺ።»

አፈሰሰች። መሬቱ ጠጣው። ጀሪካኑ ግማሽ ሲሆን እጇን ሰበሰበች፣ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጋ ዘጋች። ማ ጋኦላቴ አይተው ጀሪካኑን ተዉላት።

ማታ ወደ ከተማ የሚመልሳት መኪና ሾፌር ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትቀመጥ አይቶ፣ «ከተማ ውኃ ሞልቶ የለ እንዴ፣ እህቴ? ድፊው፣ መኪናዬን ታረጥቢብኛለሽ» አላት።

«አይፈስም» አለች። «የት እንደማፈሰው እስካውቅ እይዘዋለሁ።»