የሚፈሰው ሕዋ

ለመላው የባሕር ዳር ሕዝብ፣ ለጣና ገዳማትና ለዓሦቹም ሁሉ እንዲታወቅ፦ የዶክተር አስማማው የቢሮ በር ሰሌዳ ተቀይሯል። አሁን «ፕሮፌሰር» ይላል። ማዕረጉን የምንሰጠው የኮሚቴ አባላት ገና አልወሰንንም፤ እሱ ግን መጠበቅ የተራ ሰው ሥራ ይመስለዋል።

ማዕረግ የጠየቀበት ግኝት ይህ ነው፦ ስበት የሚባል ነገር የለም፤ ሕዋ ራሱ እንደ ወንዝ ወደ ከባድ አካል ይፈሳል፣ እኛም አብረን እንወሰዳለን። ሒሳቡን ብንጠይቀው «ሒሳብ ለተጠራጣሪ ነው» ብሎ በጀልባ ጭኖ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ወሰደን።

«ሞተሩን አጥፋው!» አለ ባለጀልባውን። ከዚያ እንደሚባርክ ጳጳስ እጁን ዘረጋ። «እነሆ፣ ጣና ሕዋ ነው፤ ዓባይም ሕዋ ወደ ምድር የሚፈስበት መንገድ ነው። ማንም ሳይገፋን እንሄዳለን።»

አልሄድንም። እምቦጭ ጀልባዋን ከግራ ከቀኝ አቅፎ ያዛት። አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ አየንና ንቆን ተመልሶ ገባ።

ሰብሳቢያችን ዶክተር ሰብለ ወንጌል መነጽሯን ጠረገች።

«እሽ አያ አስማማው፣ ሕዋም እምቦጭ ያበቅላል?»

«ትንሽ ታገሡ፤ ይፈሳል።»

«ይፍሰስ እንጂ! አንተ ግን ሰሌዳውን ዛሬውኑ አውርድ፤ ማዕረግ የለም። ለራሴ ያህል ልጠይቅህ፦ ጣና የገባበትን በዓባይ ያስወጣል። ምድር የገባባትን ሕዋ ሁሉ በየት ታስወጣዋለች?»

አስማማው ፊቱን ወደ ደቅ ደሴት አዞረ።

«አላብራራም።»